የቺሶሞ እናት ለቅሶ

እትዬ የሺ የቺሶሞን እናት ገደለቻት። ያውም በቁሟ፤ ያውም ጥሩምባ አስነፍታ። ሟች በዚያች ሰዓት ማላዊ በሚባል አገር በሰላም ትተነፍስ ነበር። ገዳይ ደግሞ ሰበታ፣ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ግቢ፣ ንፍሮ ትቀቅላለች። በሁለቱ መካከል ስንት አገር እንዳለ እኔ በካርታ አይቻለሁ፤ እትዬ የሺ ግን ለዚህ ሥራ ካርታም ቪዛም አላስፈለጋትም።

እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁና እውነቱን መልሱልኝ። አንዲት ሴት «ልጄ ውጭ አገር ትማራለች» ብትላችሁና፣ እናንተም ዓይናችሁ በርቶ «የት?» ስትሏት «ኡጋንዳ» ብትል፣ ፊታችሁ ምን ይሆናል? እንዳትዋሹኝ፤ የእኔም ሆኗል። ለእኛ «ውጭ» ማለት በአውሮፕላን ወደ ላይ የሚኬድበት ነው። ወደ ታች ከተኬደ «አፍሪካ ሄደች» ነው የምንለው፤ እኛ ራሳችን የት እንዳለን ጠይቆን የሚያውቅ የለም። የአህጉሩ መሪዎች ለስብሰባ መጥተው መንገድ ሲዘጋብን እንኳ «አፍሪካውያን መጡ» እያልን እናማርራለን። እነሱ እንግዳ ናቸው፤ እኛ ሆቴሉ።

ስለዚህ ቺሶሞ ሻንጣዋን እየጎተተች የእኔን ሰርቪስ ቤት ልትከራይ በመጣች ቀን፣ እትዬ የሺ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ አያስገርማችሁ።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እናት! አፍሪካ እንዴት ነው?»

ቺሶሞ ጨዋ ልጅ ናት፤ አሰብ አድርጋ «ደህና ነው» አለቻት። መላ አህጉሩን ወክላ።

ይህች ልጅ አዲስ አበባ ባለ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ስኮላርሺፕ ተማሪ ናት። የምታጠናው የዓሣ እርባታ ሲሆን ዓሦቿ ያሉት ሰበታ ኩሬ ውስጥ ስለሆነ ቤቷን እዚሁ አደረገች። ባሕር የሚያህል ሐይቅ ካለበት አገር ተነሥታ፣ እኛ ዘንድ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ጭቃ ውስጥ ዓሣ ስትመዝን መዋሏን እትዬ የሺ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። «ዓሣው እዚያ አልቆ ነው?» ትለኛለች በሹክሹክታ፤ ችግራቸውን ሰው እንዳይሰማባቸው ብላ።

አማርኛዋን የተማረችው ከሁለት አስተማሪ ነው። አንዷ እትዬ የሺ ናት፤ ሌላው ከሰበታ አየር ጤና የሚመላለሰው ሚኒባስ ረዳት። በዚህ ምክንያት ሰላምታዋ እንደ ባልቴት ረጅም ነው፤ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ወገቡን ሁሉ ትጠይቃለች። ከተቀመጠችበት ለመነሣት ስትፈልግ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ትላለች። እኔ አላረምኳትም። ሰው በሰው አገር ሲኖር የሚያስቀው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ እሷ ባትስቅ እንኳ እኔ እስቃለሁ።

ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ተሸክማ መሮጥ ለመደች። መብራት ሲጠፋ ከእኛ እኩል «ኧረ በሕግ!» ማለት ለመደች። ያልለመደችው የእትዬ የሺን ዓይን ነው። እትዬ የሺ አትጠይቅም፤ ምልክት አይታ ትወስናለች። አንድ እሑድ ቺሶሞ የአገሯን ምግብ ሠራች፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋ፣ ጠንከር ያለ ነጭ ነገር ነው። እትዬ የሺ ሰሃኑን ስታይ «እልል! ማን ወለደች?» ብላ ገባች። ማንም እንዳልወለደች ብነግራትም እጇ አላረፈም። መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አደረገችው፣ ቤቷ ሮጣ ቅቤና በርበሬ አምጥታ ሞላችበት፣ «አሁን ምግብ ሆነ» ብላ ወጣች። ቺሶሞ ሰሃኗን እንደ ተበዘበዘ አገር ስታየው ቆየች። ከዚያ ቀመሰችው። ከዚያ ደግሞ ጨረሰችው።

ወደ ግድያው ልመለስ።

ቺሶሞ ዲፌንስ ነበረባት። ዲፌንስ ማለት ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ጽሑፍ ይዛ ፈታኝ መምህራን ፊት ቆማ የምትከራከርበት ቀን ነው። ቀኑ በእሷ ጥፋት ሳይሆን በእነሱ ቀጠሮ ተገፍቶ ተገፍቶ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ይህች ጠዋት ካመለጠቻት ስኮላርሺፑም የመኖሪያ ፈቃዱም ይቃጠላሉ፤ ልጅቱ ዲግሪዋን ሳትይዝ አገሯ ትገባለች። እንቅልፍ አጣች። እኔም አብሬ አጣሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን የወንጀሉን ማስረጃዎች ተመልከቱልኝ። አንደኛ፣ ቺሶሞ ሹሩባዋ ስላረጀና መልሶ ለመሠራት ጊዜ ስላልነበራት፣ ሰፈራችን ካለው የወንዶች ጸጉር ቤት ገብታ ሙልጭ ተደርጋ ተላጨች። በእሷ አገር ተማሪ ሴት እንዲህ መሆኗ ጽዳት ነው። በእኛስ? እናንተው ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ ለዕለቱ የሚሆን ጥቁር ሱፍ ልብስ ከሰልባጅ ተራ ገዛች። ሰፋት፤ ያጠበብኩላት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዬ በረንዳው ላይ ነው፤ የሰፋሁትን በር ላይ እሰቅላለሁ። ሱፉ ከአናት እስከ እግር ጥቁር ሆኖ መንገዱን እያየ ዋለ። ሦስተኛ፣ በዋዜማው ማታ ወደ እናቷ ደወለችና ሁለቱም በስልክ አለቀሱ። ከፍርሃትም ከደስታም የተቀላቀለ ለቅሶ ነበር፤ መጨረሻው ላይ መዝሙር ሁሉ ዘመሩ። ነገር ግን በእኔና በእትዬ የሺ መካከል ያለው አጥር ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ለቅሶውን አሳልፎ መዝሙሩን ያስቀራል።

ጸጉር፣ ጥቁር፣ ለቅሶ። እትዬ የሺ ደመረች።

ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። እኔም እንደ ሰው «ማን ሞተ?» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ፤ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ ፊቴን ለሐዘን አዘጋጅቼ በሩን ከፈትኩ። ድንኳኑ የተተከለው እኔው ደጅ ላይ ነው። አስቡት፤ በገዛ ቤቴ ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ! መጀመሪያ ደረቴን ዳበስኩ። እኔ ብሆንስ?

እትዬ የሺ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችብኝ። «አንቺ ዘውዴ! ምነው እንዲህ ጨከንሽብን? ልጅቱ በሰው አገር የእናቷን መርዶ ሰምታ፣ ብቻዋን አልቅሳ፣ ብቻዋን ተላጭታ ታድራለች? እኛ ጎረቤት አይደለንም?»

«እትዬ የሺ፣ የልጅቱ እናት አልሞተችም!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለችኝ ጆሮዬን ወደ አፏ ስባ። «ፈተናዋ እስኪያልፍ ልትደብቂ ነው። እኔም በሆንኩ እንዲሁ ነበር የማደርገው።»

አሁን የገባሁበት አዘቅት ይታያችሁ። እኛ አገር ከተማሪ መርዶ ይደበቃል፤ እስኪፈተን፣ እስኪመረቅ፣ አንዳንዱማ እስኪያገባ ይደበቃል። ስለዚህ «አልሞተችም» ባልኩ ቁጥር ሟችን አብሬ እየገደልኳት ነው። «ደህና ናት» ስል ሴቶቹ ባሰባቸው። «ትናንት ማታ ራሷ በስልክ አነጋግራታለች» ስል አንዷ ራሷን ያዘች። ምዬ ብነግራቸው ኖሮ ቀብሩ በተፈጸመ ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የሰበታ ሰው፣ ከእኛ ሁሉ በፊት እዚሁ አርሰው የኖሩ አዛውንት። ጋቢያቸውን ደርበው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመዋል።

«ኦቦ ገመቹ፣ አንቱ እንኳ ይስሙኝ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ በኀዘን። «ከአፍሪካ ድረስ መጥታ እኛ ደጅ ሐዘን ሲያገኛት ዝም ብንል፣ ነገ አፍሪካ ምን ይለናል?»

ይህን እየተባባልን ሳለ የሰርቪሱ በር ተከፈተ። ቺሶሞ ወጣች። ሙሉ ጥቁር ለብሳለች፤ ራሷ ሙልጭ ብሏል፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ሠዓሊ ቢቀጠር ከዚህ የተሻለ ሐዘንተኛ አይስልም። ድንኳኑ ባንድ ድምፅ «ወዮ!» አለ።

ልጅቱ ሕዝቡን አየች። ድንኳኑን አየች። ከዚያም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፊቷ እንደ ፀሐይ በራ። በእሷ አገር አንድ ልጅ ለትልቅ ፈተና ሲወጣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተሰብስበው ይሸኙታል፤ ይህን አጫውታኝ ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን አጠፍ እያደረገች፣ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ በፈገግታ «አመሰግናለሁ! ከብቱ ደህና ነው? ወገብዎ ደህና ነው?» ማለት ጀመረች።

«ጉድ! አዞራት!» አለች እትዬ የሺ፤ ይዛም ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ገባች። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ብቻውን ከተተወ ይነሣል፣ ከተነሣ ይወድቃል። ቺሶሞ ንፍሮ ተሰጣት፤ በላች። ጣፈጣት። ሌላ እፍኝ ጠየቀች። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ልትነሣ ስትል ሁለቱ ክንዷን ያዙ። እንደገና ሞከረች፤ አራት ሆነው ያዟት። በመጨረሻ በጭንቅ ድምፅ ጮኸች፦

«ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!»

ይህን ጊዜ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔ ብቻ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ከሣቄ ጋር እታገላለሁ፤ እነሱ ደግሞ «ዘውዴ እንዴት አመረረች!» ይሉልኛል።

መላው ቀላል መሰለኝ። ሟችን ራሷን በቪዲዮ ደውዬ ላሳያቸው! ቁጥሯ አለኝ። የቺሶሞ እናትና እኔ እሑድ እሑድ እንነጋገራለን፤ እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ የእሷን አላውቅ፤ እሷ ዶሮዎቿን ታሳየኛለች፣ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ አሳያታለሁ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ከብዙ ሰው ጋር በቋንቋዬ ከማደርገው ወሬ የተሻለ ነው። ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

ሣቄ ቆመ። ትናንት ማታ የዘመረች ሴት ዛሬ ጠዋት ለምን አታነሣም? ሞኝ ነሽ ብላችሁ ሳቁብኝ፤ ጓዳዬ ውስጥ ቆሜ እንደገና ደወልኩ። ውጭ ያለው ሕዝብ በሙሉ ሞተች እያለ፣ ስልኩ ዝም ሲል፣ እርግጠኛ ሆኖ የሚቆም ሰው ካለ እሱን አሳዩኝ። ይልቁንም አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ቺሶሞ ሰዎቹ ለማን እንደሚያለቅሱ ካወቀችና እሷም ደውላ ካጣቻት፣ እንኳን ፈታኞች ፊት ልትቆም ጫማዋንም አታገኘውም። እናትየዋን አልሞተችም ብሎ ማሳመን ቀርቶ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ ማድረግ ሊሻለኝ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የአየር ጤና መንገድ በጠዋት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

እውነት አላዋጣ ስትለኝ ተውኳት። ወጥቼ ለቺሶሞ በጆሮዋ «እኛ ተማሪ የምንሸኘው እንዲህ ነው፤ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። ከዚያ ቺሶሞ እንዳትሰማ ድንኳኑ አፍ ድረስ ሄጄ ለኦቦ ገመቹ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

«ኦቦ፣ ልጅቱ አገሯ ሄዳ እናቷን መቅበር አለባት። ያለ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አትወጣም። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ መምህራኖቿ ፊት ቀርባ ማመልከት አለባት።»

ኦቦ ገመቹ ይህን ሲሰሙ እድሜያቸውን ጣሉት። «ሚኒባሱ የታለ? የቀብሩ ሚኒባስ ይምጣ! ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነዪ ልጄ!» አሉ። እትዬ የሺ የተቀቀለውን ንፍሮ በሳፋ ይዛ ገባች። ለቀስተኛው በሙሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ተሳፈረ። ቺሶሞ መሐል ላይ፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በደስታ ትወዛወዛለች።

አሁን የማወራላችሁን የምታምኑት የሰበታን መንገድ ካላወቃችሁ ብቻ ነው። ዓለም ገና ስንደርስ መኪናው እንደ ተለመደው ተገትሯል። እትዬ የሺ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ሙሾዋን ለቀቀችው። ትራፊክ ፖሊሱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ በእጁ ከፈተልን። ሲኖትራኩ ዳር ያዘ፤ ባጃጁ ቦይ ገባ። አየር ጤና ላይም እንዲሁ። ለኑሮው የሚሮጠውን ሰው የማያሳልፍ መንገድ ለሞተ ሰው ሲሆን ይከፈታል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ከፈታኞቹ ቀድመን ደረስን።

«ቤተሰብ ነን» ብዬ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ አስገባሁ፤ ኋላ ወንበር ላይ በነጠላ ተሸፋፍነው ተደረደሩ። ፈታኞቹ ሲገቡ አንዴ እኛን፣ አንዴ ግድግዳውን ያያሉ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ቺሶሞ ቆመች።

ሴቶች፣ ያን ጊዜ ብታዩዋት! የእኔ ሱፍ ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሏል። የጀሪካኗ ልጅ፣ የ«ወራጅ አለ»ዋ ልጅ፣ በሙሉ ድምፅ ስትናገር አዳራሹ ጠበባት። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ስለሆነ ከንግግሯ ከግማሽ በላይ አልያዝኩም፤ ግን መልስ ያለው ሰው አቋቋሙ ይታወቃል።

እትዬ የሺ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ለአንድ ፈቃድ ይህን ያህል ያስለፈልፏታል? ልብ የላቸውም?»

«ቢሮክራሲ ነው» አልኳት።

ይሄኔ ቺሶሞ ስክሪኑ ላይ፣ ኩሬው አየር አጥሮት ሆዳቸውን ገልብጠው የተንሳፈፉ ዓሦችን አሳየች። እትዬ የሺ ሞት ስታይ አላስቻላትም፤ «እህህህ!» ብላ ፈነዳች። ወዲያው አንዱ ፈታኝ ቺሶሞን በጥያቄ ማጣደፍ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። ኦቦ ገመቹ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ልጅ እንዲህ ባዘነችበት ቀን ይጮህባታል እንዴ? እናንተ አገር ሰው አያዝንም?»

 ቺሶሞ ደንግጣ ወደ እኔ አየች። ጋቢያቸውን በጫፉ እየጎተትኩ ተነሣሁ። «ይቅርታ ጌቶቼ፤ ለዓሦቹ ነው። ገበሬ ናቸው፤ ከብት ሲሞት አይችሉም።»

ሰብሳቢው በአክብሮት አንገታቸውን ደፉ። የጮኹት ፈታኝም አፍረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ ቺሶሞም ከሥር ከሥር እየተከተለች መለሰች። አስወጡን፤ ተመካከሩ፤ አስገቡን። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው እጇን ጨበጡ፤ አጨበጨቡ።

«ፈቀዱላት!» አለች እትዬ የሺ። ሴቶቹ እልል ይበሉ ወይስ ያልቅሱ ጨንቋቸው ከሁለቱም መሐል የሆነ ድምፅ አወጡ።

የቺሶሞ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ቪዲዮ ነው። ከፈተችው። እናቷ! የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ። ሌሊት ተነሥታ ለልጇ ልትጸልይ ገብታ ኖሯል፤ ስልኳንም ያጠፋችው ለዚሁ ነው። ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ቺሶሞ «አለፍኩ!» እያለች ትዘላለች፣ እናቷ ወዲያ ትዘላለች፣ ስልኩም ይዘላል።

 ዞር ስል እትዬ የሺ ታማትባለች። ኦቦ ገመቹ «ያ ዋቅ! አምላኬ!» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሳፋው ውስጥ ያለው ንፍሮ እንኳ የቀዘቀዘ መሰለኝ።

እትዬ የሺ መጀመሪያ ወደ ራሷ የተመለሰችው ሴት ናት፤ ይህን አልክዳትም። «አንቺ ዘውዴ!» አለችኝ። «ምነው እንዳልሞተች ብትነግሪን ኖሮ?»

  እኔ ግን ዞሬ ነገሩን ሁሉ ለቺሶሞ ዘረገፍኩላት። ልጅቱ አፏን ከፍታ ሰማችኝ፤ ጥቁር ልብሷን አየች፤ ራሷን ዳበሰች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ለእናቷም በቋንቋቸው ነገረቻት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት መዝለሏን አቆመች።  ሰው በቁሙ ድንኳን ተተክሎለት ሲሰማ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? እትዬ የሺ ፈራች፤ ልጅቱን ስልኩን አምጪው ብላ ፊቷን አስገባችበት።

«እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ። አፍሪካ ሩቅ ነው፤ ማን ያጣራልናል? ግን ከልቤ ነው ያለቀስኩልሽ፤ እነዚህን ጠይቂያቸው። ለገዛ አክስቴ እንዲህ አላለቀስኩም።»

ቺሶሞ ተረጎመች። እናትየዋ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ እትዬ የሺን አየቻት፤ ከኋላ የተደረደሩትን ለቀስተኞች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እኔን ስታገኝ ጥርሷ ታየ። ከዚያም ተናገረች። ቺሶሞ እንባዋን እየጠረገች ለእትዬ የሺ እንደወረደ አቀበለቻት፦

«ድንኳኑን እንዳታፈርሱት፤ ለምርቃቷ መጥቼ እዚያው ውስጥ እጨፍራለሁ። ያላለቀሰልኝ ግን አይገባም።»